መሬቱን አልሸጥም ያለ ቤተሰብ፦ የለንደኖቹ ግሮቭነሮችና የእኛ የቤት ወረቀት

 

በቅርቡ አንዲት እናታችን ቡና ጠርተውን ሄደን ነበር። ቶናው ሲቀዳ ከቁም ሣጥኑ ውስጥ አንድ ፌስታል አወጡና ፊታችን አስቀመጡት። የቤታቸው ወረቀት ነው። የማሽካንታው፣ የአርኖናው፣ የታቡው፣ ሁሉም አንድ ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። «ልጆቼ፣ ማሽካንታውን ከፍለን ጨርሰናል። ታዲያ የልጄ ልጅ ሲያነብልኝ እዚህ ላይ ‹ሐኺራ› ይላል አለኝ። ሐኺራ ማለት ኪራይ አይደለም እንዴ? ቤቱ የኛ ነው ወይስ አይደለም?» አሉን።

«ቤቱ የእርስዎ ነው፣ መሬቱ ግን ለብዙ ዓመት በሊዝ የተያዘ ነው» ብለን መለስንላቸው። እናታችን ራሳቸውን ነቀነቁና «እንግዲህ ይኼማ የጎንደሩ ነገር ነው!» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። ግን ነገሩ ሳቅ ብቻ ሆኖ አልቀረም። አገራችን ሳለን ጎጆውን እኛ እንሠራለን፣ መሬቱ የባለርስቱ ነው። የጎጆው ባለቤትና የመሬቱ ባለቤት ሲለያዩ ምን እንደሚመጣ አባቶቻችን በደንብ ያውቁታል።

ይህን ጥያቄ ይዘን ስንነጋገር የአንድ የለንደን ቤተሰብ ታሪክ ትዝ አለን። እነሱ ከእኛ በተቃራኒው ወገን የቆሙ ናቸው። መሬቱ የነሱ ነው፤ ቤት የሚሠራበትና የሚኖርበት ግን ሌላ ሰው ነው። በዚህ ዘዴ ወደ 350 ዓመት ኖረዋል። ዛሬ የነሱን ታሪክ ልናወጋችሁ ነው፤ መጨረሻ ላይ ወደ እናታችን ፌስታል እንመለሳለን። ዘመኑን ሁሉ የጻፍነው እዚህ አገር በምንቆጥርበት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

የአሥራ ሁለት ዓመቷ ሙሽራ

ቤተሰቡ ግሮቭነር ይባላል። የመጡት ከእንግሊዝ ሰሜን ምዕራብ፣ ቼሻየር ከሚባል አውራጃ ነው። እዚያ ባላባቶች ነበሩ፤ የለንደን መሬት ግን አልነበራቸውም። የለንደኑን መሬት ያመጣችላቸው አንዲት ልጅ ናት።

የልጅቷ ስም ሜሪ ዴቪስ ነው። የተወለደችው በ1665 ነው። በዚያው ዓመት ለንደን ላይ ትልቅ ወረርሽኝ ገባ፤ አባቷም ሜሪ ገና ጨቅላ ሳለች በወረርሽኙ ሞተ። አባቷ ሂው ኦድሊ ለሚባል አራጣ አበዳሪ ሀብታም ዘመዱም ጸሐፊውም ነበር። ኦድሊ ሲሞት ከመሬቱ ለሱ አውርሶት ስለነበር ያ መሬት ለሕፃኗ ሜሪ ደረሰ። ስፋቱ 500 ኤከር፣ ማለትም 200 ሄክታር ያህል ነው። በኛ ስፍር አምስት ጋሻ ገደማ መሆኑ ነው።

መሬቱ ግን ያን ጊዜ የሚያጓጓ አልነበረም። ከከተማው ምዕራብ፣ በቴምዝ ወንዝ ሰሜን ያለ የግጦሽ ሜዳና ረግረግ ነው። አባቷ ሲሞትም ዕዳ ትቶ ነበር። እናቷ ሌላ ባል አገባች፤ ለልጅቷም ባል ይፈለግ ጀመር። መጀመሪያ አንድ ትልቅ ጌታ ለልጁ ሊያጫት ገንዘብ ከፍሎ ነበር፤ የቀረውን ማሟላት ሲያቅተው ነገሩ ፈረሰ። ከዚያ በ1677 ሜሪ ገና የ12 ዓመት ልጅ ሆና ለ21 ዓመቱ ለሰር ቶማስ ግሮቭነር ተዳረች።

አገራችን ሳለን ያለ ዕድሜያቸው የተዳሩ እናቶች ይህን ሲያነቡ ምን እንደሚሰማቸው እናውቃለን። ሜሪን የጠየቃት የለም። የተፈለገው መሬቷ ነው። በኋላ አእምሮዋ ታወከ። ባሏ በ1700 ከሞተ በኋላ አንድ ሰው «ፓሪስ ላይ አግብታኛለች» ብሎ ሀብቱን ሊወስድ ተነሣ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ ከረጅም ክርክር በኋላ ጋብቻው ውድቅ ሆነ። ሜሪ በ1730 ስትሞት ንብረቷ ለብዙ ዓመት በሌሎች እጅ ሲተዳደር ቆይቶ ነበር። ዛሬ በለንደን በጣም ውድ ከሚባሉት መንገዶች አንዱ ዴቪስ መንገድ ይባላል፤ በሷ ስም ነው። ኦድሊ የሚባሉ መንገዶችም አሉ፤ የአራጣ አበዳሪው ስም ነው።

ቤቱን ሌላ ይሥራው፣ ጊዜው ለኛ ይሠራል

ለንደን እያደገች ወደ ምዕራብ መጣች። የሜሪ ልጆች በ1720 ገደማ በሰሜን በኩል ባለው 100 ኤከር ላይ ቤት ማሠራት ጀመሩ። ሰፈሩ ሜይፌር ይባላል፤ ስሙም በየዓመቱ በግንቦት ወር አካባቢ ይቆም ከነበረ ገበያ የመጣ ነው። በመካከሉ ትልቅ አደባባይ አወጡና ግሮቭነር አደባባይ አሉት።

ታዲያ ገንዘቡን ከየት አመጡት? ብልሃቱ እዚህ ላይ ነው። እነሱ ቤት አልሠሩም። መሬቱን ለግንበኞችና ለአናጢዎች በሊዝ ሰጡ። ዓመቱ ከ60 እስከ 99 ይደርሳል። ግንበኛው በመጀመሪያው ጊዜ የሚከፍለው እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ ከዚያ በየዓመቱ ትንሽ የመሬት ኪራይ ይከፍላል። ቤቱን ግን በራሱ ገንዘብና በራሱ ጉልበት ይሠራል። ሲጨርስ የሊዙን መብት ለሌላ ሸጦ ትርፉን ይወስዳል። ቢከስርም የሚከስረው እሱ ነው።

ሊዙ ሲያልቅስ? መሬቱ ብቻ ሳይሆን ቤቱም ከነበሩ፣ ከነመስኮቱ ለግሮቭነሮች ይመለሳል። ነዋሪው መቀጠል ከፈለገ እንደገና ጠቀም ያለ ገንዘብ ከፍሎ ያሳድሳል። አያት ያከራየውን መሬት የልጅ ልጅ ከነቤቱ ይረከበዋል ማለት ነው። ሲተኙም ሲነሡም ጊዜው ይሠራላቸዋል።

ሌላም ብልሃት ነበራቸው። በእንግሊዝ ትልልቅ ቤተሰቦች ዘንድ የተለመደ የዘር ውል አለ። በዚያ ውል መሠረት አባት የመሬቱ ሙሉ ጌታ አይደለም። ዕድሜውን ሙሉ ከገቢው ይበላል፤ መሬቱን ግን እንዳሻው መሸጥ አይችልም፤ ለሚቀጥለው ወራሽ መጠበቅ አለበት። ይህ ውል ምን እንደጠቀማቸው በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ታየ። የዚያን ጊዜው የቤተሰቡ አለቃ የፈረስ እሽቅድድም ወዳድ ነበርና ከባድ ዕዳ ውስጥ ገባ፤ ሀብቱን የሚያስተዳድሩ ባለአደራዎች ተሾሙበት። ሰውዬው በዕዳ ተያዘ፣ የለንደኑ መሬት ግን በቤተሰቡ እጅ ቀረ።

ረግረጉ የሀብታም ሰፈር ሆነ

በደቡብ በኩል ያለው ትልቁ መሬት እስከ 1820ዎቹ ድረስ ረግረግ ነበር። በዚያ ጊዜ ንጉሡ በአጠገቡ ያለውን ቤት አስፍቶ ቤተ መንግሥት ሊያደርገው ጀመረ፤ ዛሬ ባኪንግሃም ቤተ መንግሥት የምንለው ነው። የንጉሥ ጎረቤት መሆን የማይፈልግ መኳንንት የለምና የረግረጉ ዋጋ ወዲያው ተለወጠ።

መሬቱን በሊዝ ወስዶ ያለማው ቶማስ ኪውቢት የሚባል ሰው ነው። የአናጢ ልጅ ነው፤ ራሱም በመርከብ ላይ አናጢ ሆኖ ሠርቷል። ግንበኛውን፣ አናጢውን፣ ቀለም ቀቢውን ሁሉ በቋሚነት ቀጥሮ በማሠራት ስሙ የታወቀ ነው። የረግረጉን ውሃ አጠፋው፤ የሸክላ አፈሩን ቆፍሮ ጡብ አደረገው፤ ጉድጓዱን ደግሞ ያን ጊዜ ቅድስት ካትሪን የሚባለው የመርከብ ወደብ ሲቆፈር በወጣው አፈር ሞላው። ቤልግሬቪያ የሚባለው ሰፈር እንዲህ ተሠራ። ከሱ በታች ያለውን ፒምሊኮንም የሠራው እሱ ነው። ቤልግሬቭና ኢተን የሚሉት የአደባባዮቹ ስሞች ግሮቭነሮች ቼሻየር ካሉ መንደሮቻቸው ያመጧቸው ናቸው።

በ1874 ንግሥት ቪክቶሪያ የቤተሰቡን አለቃ የዌስትሚንስተር መስፍን አለችው። በ1899 ሲሞት ከብሪታንያ ሀብታሞች ሁሉ አንደኛ ይባል ነበር። ሰውዬው ለሠራተኛ ቤተሰቦች ቤት እንዲሠራ መሬት በዝቅተኛ ኪራይ መስጠቱም ይነገርለታል።

ሞት፣ ግብርና ሕግ

እንዲህ ያለ ቤት የሚፈተነው በሞት ጊዜ ነው። ሁለተኛው መስፍን አራት ሚስት አግብቷል፤ አንድ ወንድ ልጁ በ4 ዓመቱ ሞቶበታል። በ1953 ሲሞት ሴቶች ልጆች ነበሩት፤ ማዕረጉ ግን በወንድ በኩል ብቻ ስለሚሄድ ወደ አጎት ልጅ ዞረ። በዚያን ዘመን የእንግሊዝ መንግሥት ከትልልቅ ውርሶች እስከ 80 በመቶ ግብር ይወስድ ነበር። ቤተሰቡ ግብሩን ለመክፈል ብዙ ዓመት ፈጀበት። ኪውቢት የሠራው ፒምሊኮም በዚያ ዘመን ከእጃቸው ወጣ። ሜይፌርንና ቤልግሬቪያን ግን አልለቀቁም።

የአሜሪካ ኤምባሲ በ1960 ግሮቭነር አደባባይ ላይ ሲከፈት እንኳ መሬቱ በሊዝ ነበር። አሜሪካኖቹ መሬቱን ሽጡልን ሲሉ፣ «በነፃነት ጦርነታችሁ ጊዜ የወሰዳችሁብንን የፍሎሪዳ መሬት መልሱና እንሸጥላችኋለን» ተባሉ እየተባለ እስከ ዛሬ ይወራል።

ቤት ገዝተው መሬቱ ያልተገዛላቸው ነዋሪዎች ደግሞ ዝም አላሉም። «ቤቱን እኛ ገዝተን፣ እኛ አድሰን፣ ሊዙ ሲያልቅ ለምን እንነጠቃለን?» ብለው ተነሡ። በ1967 ረጅም ሊዝ ያላቸው የብዙ ቤቶች ነዋሪዎች መሬቱን መግዛት እንዲችሉ ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ ቤልግሬቪያ ውስጥ ወደ 80 የሚሆኑ ቤቶች ከግሮቭነሮች እጅ ወጡ። የቤተሰቡ ባለአደራዎች እስከ አውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ድረስ ሄደው ተከራከሩ፤ በ1986 ተረቱ። በ1993 ሕጉ ለአፓርታማ ነዋሪዎችም ሲሰፋ ስድስተኛው መስፍን ተናዶ የነበረበትን ገዢ ፓርቲ ለቀቀ።

ቤተሰቡ ግን ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ወደ ካናዳ፣ በኋላም ወደ ሌሎች አገሮች ወጥቶ መሬትና ሕንፃ ይዟል። ሀብቱንም በአንድ ሰው ስም ሳይሆን በባለአደራ ማኅበር አደረገው። በ2016 ስድስተኛው መስፍን በ64 ዓመቱ ሲሞት ልጁ የ25 ዓመት ወጣት ነበር፤ ሀብቱም 9 ቢሊዮን ፓውንድ ያህል ይገመት ነበር። ተራ ሰው ሲሞት ከተወሰነ ገንዘብ በላይ ባለው ውርስ ላይ 40 በመቶ ግብር ይከፈላል። በባለአደራ የተያዘ ሀብት ግን በየአሥር ዓመቱ እስከ 6 በመቶ ነው የሚከፍለው። ብዙ እንግሊዛውያን «ይህ ፍትሕ ነው?» ብለው ጠየቁ። ወጣቱ ሁለት ታላላቅ እህቶች አሉት፤ ማዕረጉና የቤተሰቡ አለቅነት ግን የወንዱ ሆነ።

ርስት፣ ጭሰኛ፣ እኛ

አሁን ወደ አገር ቤት እንመለስ። በጎንደርና በጎጃም የርስት ሥርዓት ከእንግሊዙ የተለየ ነበር። ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይወረሳል፤ ወንዱም ሴቷም ይካፈላሉ። በዚህ በኩል ከግሮቭነሮች የኛ አገር ሰው ይሻላል። ግን መሬቱ በየትውልዱ እየተከፋፈለ ያንሳል፤ የወንድማማች ክርክርም ማለቂያ የለውም።

እኛ ቤተ እስራኤል ደግሞ ከዚህ ክፍያም ውጭ ሆንን። ከአባቶቻችን የሰማነው፣ ታሪክ ጸሐፊዎችም የሚያስታውሱት፣ በ15ኛው መቶ ዘመን በንጉሥ ይስሐቅ ጊዜ «ያልተጠመቀ ርስት አይኑረው» ተብሎ እንደታወጀ ነው። ከዚያ በኋላ በጦርነት የቀረውም ተወሰደ። ርስት ሲቀር እጅ ብቻ ቀረ። አባቶቻችን ብረት ቀጠቀጡ፣ ሸማ ሠሩ፤ እናቶቻችን ሸክላ ሠሩ። በጎንደር ነገሥታት ዘመን ግንበኛና አናጢ ሆነው ያን ሁሉ ግንብ ሲገነቡ ከነበሩት መካከል የኛ ሰዎች ነበሩ። ያረሰው ደግሞ በሰው መሬት ላይ እኩል ወይም ሲሶ እየሰጠ አረሰ። ባለርስቱ ልቀቅ ካለ ጎጆህን ጥለህ ትሄዳለህ። ኪውቢት ቢያንስ ትርፉን ይዞ ሄዷል፤ የኛ ግንበኞች ግን ግንቡን ሠርተው መሬት አልያዙም።

በ1975 ደርግ የገጠር መሬትን ሁሉ የሕዝብ ነው ብሎ ሲያውጅ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር ድረስ እንዲሰጥ ተደነገገ። ከኛም መካከል ለመጀመሪያ ጊዜ «የኔ ማሳ» ያለ ሰው ነበር። በብዙ ቦታ ግን ጎረቤት ተቆጣ፣ ጠብ ሆነ። ደግሞም ብዙ ሳንቆይ ሁሉን ትተን በሱዳን በኩልም በአዲስ አበባ በኩልም ወጣን። ይዘነው የመጣ የርስት ወረቀት የለንም።

ወደ እናታችን ፌስታል

በ1990ዎቹ መንግሥት ልዩ ማሽካንታ ሲሰጥ ብዙዎቻችን ከካራቫን ወጥተን ረሆቮት፣ ነታንያ፣ ቂርያት ማላኺ፣ አፉላና ሌሎችም ከተሞች ቤት ገዛን። ያቺ ሦስት ክፍል ቤት ለብዙ ቤተሰብ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ የመጀመሪያዋ የማትነጠቅ ቦታ ናት። ስለዚህ ነው እናታችን «ሐኺራ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ የደነገጡት።

በእስራኤል ከመሬቱ 93 በመቶ ያህሉ የመንግሥት፣ የልማት ባለሥልጣኑና የቄረን ካየመት ነው። በ1960 የወጣው መሠረታዊ ሕግ ይህ መሬት እንዳይሸጥ ከለከለ፤ ለነዋሪ በ49 ወይም በ98 ዓመት ሊዝ ይሰጣል። 49 ዓመት ሲባል በኦሪት ዘሌዋውያን 25 ላይ ያለው የኢዮቤልዩ ሕግ ትዝ ይለናል። ግን ልዩነቱን ልብ እንበል። በለንደኑ ሊዝ ጊዜው ሲሞላ መሬቱ የሚመለሰው ወደ ሀብታሙ ነው። በኦሪቱ ሕግ ግን በ50ኛው ዓመት መሬቱ የሚመለሰው ቸግሮት ወደሸጠው ሰው ነው። ሁለቱም ዓመት ይቆጥራሉ፤ አንዱ ላለው ይቆጥራል፣ ሌላው ላጣው።

ከ2009 ወዲህ በተደረገው ለውጥ በከተማ ያሉ የብዙ ቤቶች ሊዝ ወደ ሙሉ ባለቤትነት እንዲዞር መንገድ ተከፍቷል። ለእናታችንም ያልናቸው ይህንኑ ነው፦ «አይደንግጡ፤ ግን ወረቀቱን እናጣራው። ሐኺራው ስንት ዓመት ቀረው? ወደ ባለቤትነት ዞሯል ወይስ አልዞረም? በታቡ ላይ የማን ስም አለ? የርስዎ ብቻ ወይስ የአባታችንም?» ይህ በታቡ ወይም በተለምዶ ሚንሃል በምንለው መሥሪያ ቤት ተጠይቆ የሚታወቅ ነገር ነው።

ሌላም ነገር አለ። በብዙ ሰፈሮቻችን አሁን ፒኑይ ቢኑይ መጥቷል። ጥሩ ልብስ የለበሰ ሰው በር አንኳኩቶ «እዚህ ላይ ብቻ ፈርሚ» ይላል። ፒኑይ ቢኑይ መጥፎ ነው አንልም፤ ለብዙ ሰው አዲስ ቤት ያመጣል። ግን ያ ሰው የሚፈልገው አሮጌውን ሕንፃችንን ሳይሆን ከሥሩ ያለውን መሬት ነው። ግሮቭነሮች ይህን ከ300 ዓመት በፊት አውቀውታል፦ ቤት ያረጃል፣ መሬት አያረጅም። ስለዚህ ለኛ የሚሠራ ጠበቃ ሳያየው፣ በምንሰማው ቋንቋም ሳይብራራልን አንፈርም።

ስለ ልጆችም እንነጋገር። በእስራኤል የውርስ ግብር በ1981 ቀርቷል፤ ስለዚህ ያለችን ቤት እንደ እንግሊዞቹ በግብር አታልቅም። የምታልቀው በዝምታ ነው። በ1965ቱ የውርስ ሕግ መሠረት ኑዛዜ ሳይጻፍ አንዱ ወላጅ ቢሞት የሟቹ ድርሻ ግማሽ ለትዳር ጓደኛው ይሆናል፤ ቀሪው ለልጆች እኩል ይካፈላል፤ ወንድና ሴት አይለይም። ሰባት ልጅ ባለበት ቤት ይህ ምን ያህል ስብርባሪ እንደሚሆን አስቡት። ኑዛዜ መጻፍ ሞትን መጥራት አይደለም። በእጅ መጻፍ ይቻላል፣ በሁለት ምስክር ፊትም ይቻላል፤ የሚወርሰው ሰው ራሱ ግን ምስክር መሆን የለበትም። ይህንንም ከጠበቃ ጋር ማድረግ ይሻላል።

ግሮቭነሮች መሬታቸውን አንድ አድርገው ያቆዩት ሴቶቹን ትተው ነው። እኛ ይህን መንገድ አንከተልም። በብዙ ቤታችን ለወላጆች ደብዳቤ የምታነብ፣ ባንክ የምትሄድ፣ ሐኪም ቤት የምታደርስ ልጅ ሴቷ ናት። ከነሱ የምንወስደው ግን አለ። አባት በሕይወት ሳለ ስለ ነገው ይነጋገራሉ፤ የተነጋገሩትን ይጽፋሉ፤ የጻፉትንም ወራሹ ያውቀዋል።

እናታችን በረካውን ከጠጣን በኋላ ለልጆቻቸው ሁሉ ስልክ ደወሉ። «ሰንበት ካለቀ በኋላ ሁላችሁም ኑ፤ ወረቀቱን እናነባለን» አሏቸው። ስድስቱ መጥተው ነበር። ሰባተኛው በቪዲዮ ገባ።

ማንበብ ለሚቸግራቸው አባቶችና እናቶች ይህን ጽሑፍ ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው። በየቤታችሁም ያለው ፌስታል ይከፈት። ደህና ሁኑ፣ በሰላም ያገናኘን።